ፋንታ ጡት የተከለከለበት ቀን

ነገሩ የተጀመረው ቢቸና ገበያ ውስጥ፣ ማንም ሳያስበው ነው። ባንቺዓለም ጌሾ ልትሸጥ ወጥታ፣ ልጇ ፋንታ አላስቀምጥ ቢላት ከዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ጨርቁን ፈታችለት። ያን ጊዜ ከሞጣ ጤና ጣቢያ ለሥራ የመጣ ገብረ ሕይወት የሚባል ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ባጠገቧ ሲያልፍ የሕፃኑን ብሽሽት አየና ቆመ።

«እኅቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ይህ እብጠት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ባንቺዓለም ያለፈባትን ነገረችው። የበኩር ልጇም እንዲህ ያለ እብጠት ነበረበት። አንድ ቀን ደንድኖ አልመለስ አለና ሕፃኑ ሲያስመልሰው ውሎ ሞተባት። ይህን ሁለተኛውን ፋንታ ያለችው በዚያኛው ፋንታ ስለ መጣ ነው። ድሬሰሩ ታሪኩን ሰምቶ ጎንበስ ብሎ እብጠቱን ዳሰሰው።

«ይህ ቡአ ነው» አላት። «አንጀቱ በቀዳዳ እየወጣ ይመለሳል። ሳይታነቅ ከተሰፋ ልጁ ይድናል። ቀዶ ሕክምና የሚያውቅ ሐኪም ከአዲስ አበባ ለጥቂት ቀን ሞጣ መጥቶልናልና ይዘሽው ነይ።»

አባቷ አለቃ ገብረ ኪዳን በቢቸና የታወቁ ቄስ ናቸው። የሕፃን ሆድ በቢላ ይከፈታል ሲባል ቢሰሙ ተቆጡ፤ ልጃቸው ስታለቅስ ግን አንጀታቸው አልቻለም። ባሏ ይርሳው አውድማ ላይ ተይዞ ስለ ነበር እሳቸው ራሳቸው እያጉረመረሙ ጭነት መኪና ላይ ወጡ። እስከ ግንደወይን አጉረመረሙ፣ ከግንደወይን እስከ ሞጣም አላቆሙም። ግን ሄዱ፤ የአባት ነገር እንዲህ ነው።

የቀዶ ሕክምናው ዕለት መጣ። ድሬሰሩ ባንቺዓለምን፣ «ዶሮ ከጮኸ ወዲያ ጡት እንዳይቀምስ» ብሎ አስጠንቅቋት ነበር። ሕፃን ግን ማስጠንቀቂያ አያውቅም። ፋንታ ገና ከማለዳው ደረቷን እየቧጠጠ ያለቅስ ጀመር። እሱ ባለቀሰ ቁጥር ወተቷ እየፈሰሰ ቀሚሷን አራሰው።

«ስጪው እንጂ፣ ልጄ» አሉ አለቃ።

«ከልክለውኛል፣ አባዬ።»

«ሥጋው የሚቆረጥ ልጅ በባዶ ሆዱ እንዴት ይችለዋል? የሚያርስ በሬ እንኳ ድርቆሽ ቀምሶ ነው ቀንበር የሚገባው። ስጪው፤ ኃላፊነቱ የኔ ነው።»

ባንቺዓለም ይህን ቃል ትጠብቅ ኖሯል። ነጠላዋን ጣል አድርጋ አጠባችው። ልጁ ጠግቦ እንቅልፍ ወሰደው።

ብዙም ሳይቆይ ገብረ ሕይወት ነጭ ካፖርቱን ለብሶ መጣና፣ «ሕፃኑ ምንም አልቀመሰም?» ብሎ ጠየቀ።

«አልቀመሰም» አሉ አለቃ።

እንግዲህ አለቃ ውሸት የሚያውቁ ሰው አይደሉም። የልጅ ልጅ ነገር ግን ስንቱን ያስታል። ድሬሰሩ ሕፃኑን ሊቀበል እጁን ዘረጋ፤ ባንቺዓለም አልለቀቀችውም። እውነቱን ብትናገር ተራው ያልፍባታል፤ ሐኪሙም በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ዝም ብትል ደግሞ ምን እንደሚመጣ አታውቅም። የበኩር ልጇን የቀበረች ዕለት «ምን አጥፍቼ ይሆን?» እያለች ስትብሰለሰል ማደሯ ትዝ አላት። ያን ጥያቄ ዳግመኛ መሸከም አልፈለገችም።

«ጠብቷል» አለች። «አሁን ነው ያጠባሁት።»

ገብረ ሕይወት እጁን ሰበሰበ። «አለቃ፣ ይህን ልጅ በገዛ እጃችን ልንገድለው ነበር» አለ።

«የእናት ወተት ገደለ ሲባል ዛሬ መስማቴ ነው።»

«አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ውሃ ሲጠጡ ትን ብሎዎት ያውቃል?»

«ትን የማይለው ማን አለ?»

«ያን ጊዜ ምን ያድንዎታል?»

«ሳል ነዋ።»

«የምንሰጠው መድኃኒት ልጁን ሲያስተኛው ሳሉንም አብሮ ያስተኛዋል። በሆዱ ያለው ወተት ወደ ላይ ቢመለስ ወደ ሳንባው ይገባል፤ ማሳል ስለማይችል ታፍኖ ይሞታል። ባዶ ሆዱን ይሁን የምንለው ለዚህ ነው።»

አለቃ ነገሩ ገባቸው፤ መሸነፉ ግን ከበዳቸው። አዋቂ ሰው አእምሮው ካመነ በኋላም ምላሱ ጥቂት ይከራከራል።

«ይሁን» አሉ። «የሚያለቅስ ሕፃን ማስራብ ግን ምን ዓይነት ርኅራኄ ነው? ከየት የመጣስ ሥርዓት ነው?»

ባንቺዓለም በዕድሜዋ ለአባቷ ቃል መልሳ አታውቅም። «አባዬ፣ ልናገር?» አለች።

«ተናገሪ።»

«ለቁርባን የምናቀርባቸውን ሕፃናት ሳናጠባ እንድናቆይ የሚያዙን እርስዎ አይደሉም? ልጆቻችን ሲያለቅሱ ‹ታገሡ፣ ከወተት የሚበልጥ ይቀበላሉ› ይሉናል። ፋንታን ያቆረብኩ ዕለት እያለቀስኩ ነው የያዝኩት። ያን ቀን ጭካኔ ነው አላሉኝም።»

አለቃ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ድሬሰሩ ዞሩ። «ልጄ፣ ያስጠባሁትም የዋሸሁህም እኔ ነኝ። እሷ እውነቱን ተናግራለች። ቅጣቱ በሕፃኑ ላይ እንዳይሆን ለምንልኝ።»

ገብረ ሕይወት ሐኪሙ ዘንድ ገብቶ ተመለሰ። «ከሰዓት በኋላ በመጨረሻ ተራ ይገባል፤ እስከዚያ ጠብታ እንዳይቀምስ» አለ።

ፋንታ ነቅቶ ጡት ሲያጣ ጩኸቱ ግቢውን ሞላው። ባንቺዓለም ብታባብለው ባሰበት። ይህን ጊዜ አለቃ፣ «ወዲህ በይው። አንቺ ዘንድ ሳለ ወተቱ ይሸተዋል» ብለው ልጁን ተቀበሏትና በጋቢያቸው አዘሉት። ጥምጥም የጠመጠመ ቄስ ልጅ አዝሎ ሲንጎራደድ አይታ የማታውቅ ሞጣ ጉድ አለች። ወረፋ የሚጠብቁ ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። አለቃ ደንታ አልሰጣቸውም። በባሕር ዛፉ ሥር ሽቅብ ቁልቁል እያሉ፣ በዝግታ ዜማ ያሰሙት ጀመር። ባንቺዓለም ከሩቅ እየሰማች አለቀሰች፤ ልጇ ርቦት እያለቀሰ መቅረብ አለመቻሏ አቃጠላት፤ አባቷን ግን የዚያን ቀን ያህል ወድዳቸው አታውቅም።

ተራው ደረሰ። ገብረ ሕይወት ልጁን ተቀብሎ ገባና በሩ ተዘጋ። አባትና ልጅ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

«ቢሞትብኝስ፣ አባዬ?»

«እሱን እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ የማስበው ሌላ ነው። ጧት ዝም ብትዪ ኖሮ፣ አሁን እዚህ ተቀምጠን ምን እንጸልይ ነበር?»

ባንቺዓለም የአባቷን እጅ ያዘች። በሩ ተከፈተ።

«በሰላም ተፈጽሟል» አለ ገብረ ሕይወት። «አንጀቱ ደኅና ነው፤ ቀዳዳውም ተሰፍቷል። ሲነቃ ትንሽ ቆይተሽ አጥቢው።»

ፋንታ ነቅቶ በሰለለ ድምፅ አለቀሰ። ባንቺዓለም ልቅሶ እንዲህ ደስ ብሏት ሰምታ አታውቅም። ሲፈቀድላት ጡቷን ሰጠችው፤ ልጁም አይኑን ጨፍኖ ሳበ። አለቃ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው አነቡ።

«ስንቱን ሕፃን በዚህ እብጠት ቀበርኩት፣ ልጄ» አሉ ድሬሰሩን። «የበኩር ልጇንም ‹የእግዜር ቁጣ ነው› ብዬ ነው ፈትቼ የቀበርኩት።»

«አለቃ፣ ባላወቁት አይፈረድብዎትም። እኔ ቢቸና ገበያ ብናገር የሚሰማኝ ጥቂት ነው። እርስዎ ከቅዳሴ በኋላ ቢናገሩት ግን አገሩ ሁሉ ይሰማል።»

እንዳለውም ሆነ። ፋንታ ድኖ ቢቸና ከገቡ በኋላ፣ አለቃ ቅዳሴ እንዳለቀ ሕዝቡን አላሰናብት አሉ። የሕፃን ብሽሽት ሲያብጥ ለወጌሻ አሳይቶ ማስተኮስ እንዲቀር፣ ሳይደነድን ወደ ሐኪም ቤት እንዲወሰድ፣ ሐኪም ያዘዘውም ሳይሸራረፍ እንዲፈጸም መከሩ። ቡአው በጊዜ የተሰፋ ልጅ አድጎ እንደሚያርስ፣ እንደሚማር፣ እንደሚቀድስ ነገሯቸው። ምክሩ መልካም ነበር፤ ሰውም «ይበል» አለ።

ሲበተኑ ወለተ ሐና የምትባል ጎረቤታቸው ሕፃኗን ታቅፋ ቀረበች። የሱም ብሽሽት አብጦ ነበር።

«አባ፣ እወስደዋለሁ። ግን ርቦት ሲያለቅስብኝ እንዴት እችለዋለሁ?»

«አትችይውም» አሉ አለቃ። «እኔ ወንዱ አልቻልኩም። ልጁን ለሰው ስጪና ራቅ ብለሽ አልቅሺ። ጨክነሽ መቆየት ካቃተሽና ካጠባሽው ደግሞ፣ ሐኪሙ ሲጠይቅሽ አጥብቼዋለሁ በይ።» ቀና ብለው ፋንታን የታቀፈችውን ባንቺዓለምን አዩና፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «የኔን የልጅ ልጅ ያተረፈችው እናቱ ናት። እኔ ገድዬው ነበር።»