ካልሲ የለበሰው ደወል

ሥራዬ የፋብሪካ ሚዛኖችን መመርመር ነው። ለዚሁ ሥራ ሦስት ወር ልቆይ በገባሁበት ሆቴል በአርባ ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ወደ እንግዳ መቀበያው ወረድኩ። ስለ አንድ ድምፅ ለመጠየቅ ነበር።

ድምፁ የሚመጣው ከክፍሌ ግድግዳ ውስጥ ነው። ካርቶን ውስጥ የተዘጋባት የእሳት ራት ክንፏን የምታማታ ይመስላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልፎ አልፎ ነበር የምሰማው። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ግን በየሩብ ሰዓቱ ዘጠኝ ጊዜ ይመታና ጸጥ ይላል። ክፍሌ ውስጥ በነበርኩባቸው ሰዓታት ሠላሳ አንድ ጊዜ መዝግቤዋለሁ፤ አንድም ጊዜ ስምንት ወይም አሥር አልሆነም። የእሳት ራት ደግሞ አትቆጥርም። 

ሆቴሉ ራሱ ሰው ያለበት አይመስልም። መተላለፊያው በወፍራም ምንጣፍ ተሸፍኗል፤ በሮቹ በጨርቅ ተለብጠዋል። የጎረቤቶቼን ሳል አውቃለሁ፣ ፊታቸውን ግን አይቼ አላውቅም። ሠራተኞቹ እንግዳ ሲያዩ ወደ ግድግዳው ዞረው ያሳልፋሉ።

መቀበያው ጋ ሁለት ሰዎች ይከራከሩ ነበር። አንደኛው ሠላሳ ዓመት እዚያ ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጡት ሽማግሌ ናቸው፤ ሠራተኛው ሁሉ ጋሼ ጸጥታ ይላቸዋል። ሁለተኛዋ የወንድማቸው ልጅ ናት፤ የሆቴል ሥራ ተምራ ጨርሳ በዚያው ሳምንት ልታግዛቸው መጥታለች።

«ጋሼ፣ እኔ የምለው ቀላል ነው» ትላለች። «ሠራተኛው እንግዳውን እንዴት አደሩ ይበል፣ የነገሩትን ይጻፍ፣ ፈረቃ ሲቀይር ለተረኛው ያስረክብ። በቃ።»

«ልጄ፣ ወር ሁለት ወር እዚህ የሚቀመጥ ሰው፣ ሰው የሰለቸው ነው። የምናከራየው አልጋ እንዳይመስልሽ፤ ጸጥታ ነው። በሠላሳ ዓመት አንድ አቤቱታ ደርሶኝ አያውቅም።»

«በየት በኩል ይድረስዎት?»

«አይ አፍሽ! እዚያ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት መልስ መስጠት ብቻ ነው እንዴ?» አሉና እኔን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ። «ይኸው ኢንጂነሩ መጡ፣ ይፍረዱን። እስቲ ምን ጎደለብዎት?»

ኢንጂነር እንዳልሆንኩ ሦስት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፤ አራተኛውን ተውኩት። «በመጀመሪያው ሳምንት አምፖሌ ተቃጥሎ የክፍሌን ደወል ተጫንኩ» አልኳቸው። «የመጣ ሰው የለም። ራሴ ገዝቼ ቀየርኩት።»

«አዩ! ያለ ማንም ተወጡት። ለሰው ተናግረው ነበር?»

«ለማን?»

ልጅቷ ሳቋን ለመደበቅ አጎነበሰች። ሽማግሌው ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ያ ድምፅ ከጀርባቸው መጣ። ክፍሌ ልክ ከመቀበያው በላይ ነው፤ እዚህ ደግሞ ድምፁ ይበልጥ ቅርብ ነው። በጣቴ ቆጠርኩ። ልጅቷም ጣቶቼን እያየች አብራኝ ቆጠረች። ዘጠኝ።

«ይሄ ነው» አልኩ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«እሱማ ደወሉ ነው» አሉ ሽማግሌው ተዝናንተው። «ሲጮህ እንግዳ ይረብሻል ብዬ አለበስኩት።»

ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ገለጥ አደረጉ። ከሥሩ ግራጫ የሱፍ ካልሲ የለበሰ ደወል አለ፤ ከደወሉ በታች ቁጥር የተጻፈባቸው ትናንሽ መብራቶች ተደርድረዋል። ዘጠነኛው ቀይ በርቷል።

«ዘጠኝ ቁጥር ማን አለ?» አለች ልጅቷ።

«ማንም። አንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነበሩ፤ ትናንት ለቀዋል።»

«ሲወጡ አይተዋቸዋል?»

«የማታው ተረኛ ነገረኝ።»

«ለእሱስ ማን ነገረው?»

«የጠዋቱ።»

«ለጠዋቱስ?»

ጥግ ላይ አንሶላ የምታጥፈው የጽዳት ሠራተኛ ቀና አለች። «እኔ ያልኩት በሩ አልከፈት አለኝ ነው» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። «ለቀዋል አላልኩም።»

ሽማግሌው መብራቱን አፍጥጠው አዩት። «ባዶ ክፍል ውስጥ ሆኖ ማን ይደውላል?» አሉ።

የጽዳት ሠራተኛዋን ጨምረን ደረጃውን ወጣን። ምንጣፉ የአራታችንን እርምጃ ዋጠው። ልጅቷ ዘጠኝ ቁጥርን አንኳኳች፤ ተጣራች። መልስ የለም። ቆይቶ ከውስጥ ጥፍር እንጨቱን መቧጨር ጀመረ። ዘጠኝ ጊዜ።

ከጎረቤት አናጺ ተጠርቶ በሩን ፈለቀቀው። ቁልፉ ከውስጥ በኩል ቀዳዳው ውስጥ ተሰብሮ ቀርቶ ኖሯል። አዋላጇ ጫማቸውን አድርገው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መስኮታቸው ባዶ ግንብ ነው የሚያየው። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ የቧንቧ ውኃና ግማሽ ፓኬት ብስኩት ነበር ያላቸው። ከጩኸት ብዛት ድምፃቸው ጠፍቷል።

«በደወልኩ ቁጥር፣ አሁን ይመጣሉ ብዬ ፀጉሬን አበጥሬ እቀመጣለሁ» አሉ በሹክሹክታ። «ዛሬ ጠዋት ግን፣ እዚህ ክፍል ውስጥ የሌለሁት እኔ ነኝ እንዴ ብዬ ፈራሁ። የክፍሌን ቁጥር እየቆጠርኩ መደወሉን ያልተውኩት ለዚያ ነው።»

«እኔ እኮ እንዳልረብሽዎት ብዬ ነው» አሉ ጋሼ ጸጥታ።

«ምነው በረበሻችሁኝ እያልኩ ስጸልይ ነበር።»

እኔም ደብተሬን ኪሴ ውስጥ ደበቅሁ። የሰው የድረሱልኝ ጥሪ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ በሠላሳ አንድ መስመር፣ ከነሰዓቱ ሰፍሮበታል። ምንም ሳልሳሳት መዝግቤ እስከዚያ ከሰዓት በኋላ ድረስ ማንንም አልጠየቅሁም።

ስንወርድ ሽማግሌው ካልሲውን አወለቁት። ልጅቷ ለሙከራ ተመልሳ ወጥታ የዘጠኝ ቁጥርን ደወል ስትጫን ሆቴሉ በሙሉ አስተጋባ። ድምፁ ሳይበርድ አራት ቁጥር በራ። ከዚያ አሥራ ስድስት። ከዚያ ሁለት። መደወል ካቆሙ የቆዩ ሰዎች ደወሉ ድምፅ እንዳለው ገና አሁን ማወቃቸው ነበር።

ሽማግሌው ልጅቷ ለመመዝገቢያ ብላ ያመጣችውን አዲስ ደብተር ሳቡ። «ልጄ፣ አንቺ ነሽ ልክ። ከየትኛው ልጀምር?»

«ከሚቀርበው ይጀምሩ ጋሼ። ሰዓቱንም ይጻፉ።»

አራት ቁጥር ጣሪያው ያፈስ ነበር። አሥራ ስድስት ቁጥር ከልጁ ደብዳቤ ሲጠብቅ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ደብዳቤው መቀበያው መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። ሁለት ቁጥር ምንም አልጎደለበትም፤ ሰው መኖሩን ማወቅ ብቻ ነበር የፈለገው።

ከዚያ ወዲህ ተረኛ ለተረኛ ደብተሩን ጮክ ብሎ አንብቦ ያስረክባል፤ «ሰማሁ» ብለው እንዳይቀባበሉ ያየ ሰው ብቻ ይፈርምበታል። ያልተከፈተ በር እስከ እኩለ ቀን አይቆይም፤ ሄደው በስም ይጠራሉ። የሚያፈስ ጣሪያ ሳይበሰብስ ይጠገናል፤ እንግዳም የሚሰማው አጥቶ አይለቅም። አዋላጇም አለቀቁም።

አንዳንድ እንግዶች አሁንም ያለ ምክንያት ይደውላሉ። ጋሼ ጸጥታ ደረጃውን ቀስ ብለው ይወጡና ያንኳኳሉ፤ «አለሁ» ይላሉ። ከውስጥም «አለሁ» ይሏቸዋል። ወርደው ይህንኑ ከነሰዓቱ ይጽፋሉ።