በመድኃኒት ቤቱ ታፔላ ላይ ስላለው ክብ ፊደል

የምስክር መጠሪያ፦ እትዬ ቀለሟ
ዕድሜ፦ 56
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ከጫማ ሰፊው በላይ ያለው ፎቅ
ከተጠርጣሪው ጋር ያላት ዝምድና፦ ባለቤቱ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

እኔ መጠሪያዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር ዛሬ ወደ ጣቢያው የመጣሁት ሳልጠራ በራሴ ፈቃድ ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ እኔ ግን ሚስት ነኝና ለማስጣል መጥቻለሁ። መርማሪው ሳጅን ይህ አይጻፍም ብለው የነበረ ቢሆንም፣ እንዲጻፍልኝ አጥብቄ በመጠየቄ ተጽፏል።

ተጠርጣሪው ባለቤቴ ታፔላ ጸሐፊ ነው። በወጣትነቱ በአንድ ማተሚያ ቤት ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ፊደሎችን እየለቀመ ለኅትመት የሚደረድር ሠራተኛ ነበር። እዚያ ሳለ መጽሐፍና ጋዜጣ የሚታተምበትን አንድ የቆየ የፊደል ዓይነት ወደደ፤ እስከ ዛሬም ከዚያ ሌላ አይጽፍም። የዚህ ፊደል ቋሚው ወፈር፣ አግዳሚው ቀጠን ያለ ሲሆን፣ በየጫፉ ትንንሽ እግር አለው። እግሩ ለጌጥ አይደለም፤ ፊደሉን በመስመሩ ላይ አቁሞ ዓይን ሳይደናቀፍ እንዲያነብ ይረዳል ሲል ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሳልፈልግም ሰምቼዋለሁ። በቤታችን የጨውና የስኳር ጣሳ ሳይቀር በዚሁ ተጽፎበታል። የሠርጋችንንም መጥሪያ በዚሁ ፊደል በማሳተሙ እናቴ «ልጄን የምድረው ለሰው ነው ወይስ ለመቃብር ድንጋይ?» ብላ ተቆጥታ ነበር። እሱም «እማማ፣ ይሄ ፊደል ለሁለቱም ይሆናል፤ የወደድኩትም ለዚሁ ነው» ብሎ መለሰላት።

ወደ ጉዳዩ ስመለስ፣ ባለፈው ወር የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት የሆነችው ፋርማሲስት ታፔላ አዘዘችው። በዚህ ፊደል አሠራር ክብ የሆነው ፊደል ከጎረቤቶቹ የፀጉር ያህል ከላይም ከታችም ወጣ ተደርጎ ይጻፋል፤ እኩል ከተደረገ ለዓይን ያነሰ ይመስላል። ፋርማሲስቷ ግን ጠንቃቃ ሴት በመሆኗ ማስመሪያ ይዛ መጥታ፣ ክቦቹ ከመስመር ወጥተዋልና ይስተካከሉ አለች። ባለቤቴ ሆድ ይፍጀው ብሎ እኩል አደረጋቸው። ከዚያ ወዲህ በመድኃኒት ቤቱ ፊት ማለፍ ትቶ ወደ ገበያ በዞረ መንገድ ይሄድ ጀመር። ምግብ ሳቀርብለትም ሰሃኑን አዙሮ አዙሮ እያየ «ይቺም አንሳለች» ይለኛል።

ዛሬ መድኃኒት ቤቱ ለምሳ እንደተዘጋ መሰላል፣ ብሩሽና ትንሽ ቀለም ይዞ ተነሳ። ወዴት ነው ስለው «ሰው ሳያየኝ የምጨርሰው ነገር አለ» አለኝ። ይህ አነጋገር ለጣቢያ እንደማይመች አሁን ይገባኛል። ታፔላው ላይ ሁለት ክብ ፊደሎች አሉ፤ አንዱ መጀመሪያ፣ ሌላው መጨረሻ ላይ። እሱ እንደነገረኝ፣ የፊተኛውን ጨርሶ ወደ ኋለኛው ሲንጠራራ እንዳይወድቅ ከታፔላው አጠገብ ያለውን የመድኃኒት ቤቱን መጋዘን መስኮት ብረት ያዘ። ይህን ያየው የመድኃኒት ቤቱ ዘበኛ ሌባ ብሎ ጮኸ፤ ባለቤቴም እጅ ከፍንጅ ተያዘ ተባለ። በቅርቡ ከዚሁ መጋዘን መድኃኒት ተሰርቆ ስለነበር የሚሰማው ሰው አላገኘም። ክብ ፊደል ላሰፋ ነው የወጣሁት ቢልም፣ ፋርማሲስቷ ቀና ብላ አይታ «ይኸው እንደነበረ አይደለም እንዴ? ምኑ ተቀየረ?» ብላ ለጣቢያው አመለከተች። የቀለም ቆርቆሮውንም ማሳበቢያ ነው አሉት። ለውጡ የፀጉር ያህል ስለሆነ ሳጅኑም አላዩትም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላየሁትም። በዚህ ዕድሜው በስርቆት ሙከራ ሊከሰስ ነው ሲሉኝ ቀጥታ ወደዚህ መጣሁ።

ቃሌን እዚህ ድረስ እንደሰጠሁ ፋርማሲስቷ እያለከለከች ወደ ክፍሉ ገባች። መድኃኒት ቤቱን ልትከፍት ስትመለስ ከመንገዱ ማዶ ሆና ታፔላዋን እንዳየችው ተናገረች። «እትዬ፣ ባለቤትዎ ምን አደረጉኝ? የፊተኛው ሞላ ብሎ ይታየኛል፣ የኋለኛው ኮስሷል። እስከ ትናንት እኮ እኩል ነበሩ!» አለችኝ። ሳጅኑ ታዲያ ምን ይደረግ ሲሏት፣ «ክሴን ትቻለሁ። ብቻ አሁኑኑ ይልቀቋቸውና የኋለኛውን ይጨርሱልኝ፤ እንዲህ ሆኖማ ሥራ አልሠራም፣ ዓይኔ እዚያው ነው» ብላ መለሰች። በዚህ ጊዜ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሳጅኑም ስቀዋል፤ እሳቸው ግን አልሳቅኩም ብለዋል።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ዘመን ሲሠራ ሥራው ሲያምር የሚያይለት አልነበረም፤ ሰው የሚያየው ሲበላሽ ብቻ ነው። እኔም አብሬው የኖርኩት አምኜው እንጂ አይቼለት አይደለም። ሳጅኑ የማረፊያ ክፍሉን ከፍተው ፋርማሲስቷ ኮስሷል ብላ ክሷን እንደተወችና መሄድ እንደሚችል ሲነግሩት፣ ስለ መፈታቱ አንድም ነገር አልጠየቀም። ወደ እኔ ዞሮ «አየችው?» አለኝ። አዎ፣ አይታዋለች አልኩት። እዚያው በሩ ላይ ቆሞ አለቀሰ።

ይህ ቃል ተነቦልኝ አዳምጫለሁ፤ ከአፌ የወጣ ነው፣ ሐሰት የለበትም፤ ነገም ብጠየቅ ይህንኑ እናገራለሁ። ባለቤቴ መሰላሉን ተሸክሞ በር ላይ ቶሎ በይ እያለኝ ስለሆነ ፈርሜ ወጥቻለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________
ክሷን የተወችው ፋርማሲስት ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበሉት መርማሪ ሳጅን ፊርማ ____________