በጎረቤት ሰዓት የተመዘገበው ማቋረጥ

የምስክር ቃል
ስም፦ በተለየ ወረቀት የተያዘ፤ በሥራ ቦታ «እትዬ» የሚባሉ
ዕድሜ፦ 54
ሥራ፦ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ፈረቃ ኃላፊ
አድራሻ፦ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ
ቃል የተሰጠበት፦ ዓርብ ከጠዋቱ 3፡30

የተጠራሁት ትናንት ሐሙስ በሰፈራችን መብራት ስለጠፋበት ሁኔታ ነው። ቶሎ ግንፍል ስለሚል «ፊውዝ» የምንለው የጣቢያችን ሠራተኛ፣ ሰኞ ዕለት ከወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጋር ተጣልቶ ስለነበር ሆን ብሎ አጥፍቷል ተብሎ መታሰሩን ሰምቻለሁ። ግንፍል ማለቱን አልክድም። ያለ ትእዛዝ ግን መስመር አይቆርጥም፤ ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ።

ሐሙስ ከቀኑ 9፡10 ላይ ድንበር ማዶ ካለው ጣቢያ አቻዬ ደወለልኝ። ስድስት ዓመት በስልክ አብረን ስንሠራ መልኩን አይቼው አላውቅም፤ ልጁን መቼ እንደዳረ ግን አውቃለሁ። «እህቴ፣ ደመናው የፀሐይ ማመንጫችንን ጋረደብን፤ ሆስፒታሉ ሊጠፋብን ነው» አለኝ። የእኛ የነፋስ ማመንጫዎች የሚሰጡት ለሁለታችን ስለማይበቃ፣ ወፍጮ ቤቱና ሰፈሩ እንዲቋረጥ በስልክ አዘዝኩ። ፊውዝ እንደ ደንባችን ትእዛዙን መልሶ ካሰማኝ በኋላ ቆረጠ። የልጄ ልብስ ስፌት ቤትም እዚያው ነው፤ ደጋግማ ብትደውልም አላነሳሁላትም። በሃያ ሁለት ደቂቃ ደመናው ሲገፈፍ መለስነው።

መርማሪው መዝገቡን አሳይተውኝ፣ ትእዛዙ በስልኩ የድምፅ ቅጂ 9፡10፣ ማቋረጡ ግን በመዝገቡ 8፡12 ስለሆነ ከትእዛዝ በፊት ቆርጧል አሉኝ። እውነት ለመናገር ሳቄ መጣ። የማዶዎቹ ሰዓት ከእኛ አንድ ሰዓት ወደኋላ ነው። የሁለታችን መዝገብ እንዲገጥም፣ ኃይል በጠየቀው ወገን ሰዓት እንጽፋለን፤ የማዶው 8፡12 በእኛ 9፡12 ነው። ደንቡን ያወጣነው አቻዬና እኔ ነን፤ በመዝገቡ ላይ ማብራሪያ አለማስፈሬ የእኔ ጥፋት ነው። በእኛ 8፡12 ወፍጮው እየፈጨ እንደነበር ባለቤቱ ራሱ ይጠየቅ።

ባለፈው ወር የእኛ ነፋስ ጸጥ ሲል እነሱ ፋብሪካቸውን አጥፍተው የማዋለጃ ክፍላችንን አብርተውልናል። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ልጅ የተወለደው ያን ቀን ነው፤ እሱ ይህን ስለማያውቅ ይነገረው። እኔ በዚህ ሥራ እኮራለሁ። ነገም ቢደውሉልኝ ሰፈሬን አጠፋለሁ። ፊውዝ ይፈታልኝ፤ የግድ የሚታሰር ሰው ካስፈለገ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

ቃሌ ተነብቦልኝ፣ ያልኩት ሁሉ እንዳለ መጻፉን አይቼ፣ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጫለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ________ 4፡05፣ በእኛ ሰዓት
የመርማሪ ፊርማ፦ ________ 4፡05፣ በእኛ ሰዓት