ዋርካው ሥር የነበረው ቢሮዬ

በእኛ ጊዜ እኮ ሐዋሳ ውስጥ ቬስፓ ያለው ሰው በስሙ አይጠራም ነበር፤ ባለ አረንጓዴዋ መጣ፣ ባለ ነጯ ሄደ ነው የሚባለው። ጻፊው፣ ግድ የለም፣ ይህንንም ደብተርሽ ላይ ጻፊው። አረንጓዴዋ የኔ ናት፣ ነጯ የዘሪሁን። ዘሪሁንን ታውቂዋለሽ፣ መናኸሪያ አጠገብ መለዋወጫ ይሸጥ የነበረው። አንድ ላይ ነው የገዛናቸው፣ አንድ ላይ ነው መንዳት የተማርነው፣ የመጀመሪያ ልጄንም ክርስትና ያነሳልኝ እሱ ነው። ታዲያ ከተማው ባጃጅ በባጃጅ ሲሆን፣ እኛ ቬስፓችንን አንሸጥም ያልን ሽማግሌዎች ተሰባሰብንና ክለብ አቋቋምን። ክለብ ስልሽ የምንሳሳቅበት ነገር ነው፣ ሌላ አይደለም።

እና በዓመት አንድ ቀን፣ ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲቆም፣ ውድድር አለን። ውድድር ስልሽ ደግሞ ሩጫ አይምሰልሽ፣ በዚህ ዕድሜያችን ማን ይሮጣል? ከሐይቁ ዳር እንነሳና ተራ በተራ ከከተማው ውጭ ቱላ ደርሰን እንመለሳለን፤ ከመነሳታችን በፊት ግን እያንዳንዱ በዚህን ያህል ደቂቃ እመለሳለሁ ብሎ ይናገራል። ለተናገረው ደቂቃ በጣም የቀረበው ዋንጫውን ይወስዳል። ሰዓት እያዩ መንዳት ክልክል ነው። ስለዚህ የእጅ ሰዓት ይወልቃል፣ ስልክ ይሰበሰባል፣ ሁሉም አንድ ዘንቢል ውስጥ ይገባል፤ ዘንቢሉ ደግሞ የመጨረሻው ሰው ሳይመለስ አይነካም። ሕጉ እሱ ነው፤ ደቂቃውን የምንቆጥረው ሐይቁ ዳር ባለው አሳ ቤት የግድግዳ ሰዓት ነው። ዘንቢሉን ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ታዲያ ከተናገረው ደቂቃ ቀድሞ የሚደርስ የመሰለው ሰው ምን ያደርጋል? ይቆማል። ከቱላ ስትመለሺ ከተማው ሳትገቢ አንድ ዋርካ አለ፣ እዚያ ሥር ተቀምጦ ጊዜ ይገድላል። ይህም ክልክል ነው፣ ግን ሁሉም ያደርገዋል፣ ከሁሉም ደግሞ እኔ። በየዓመቱ እዚያ ነኝ። ማርታ የምትባል ሸንኮራ የምትሸጥ ሴት አለች፣ ከመንገዱ ማዶ፤ ከሷ ሸንኮራ ገዝቼ እያኘክሁ፣ በተሰባበረች ሲዳምኛዬ እየነዘነዝኳት፣ እሷም በሲዳምኛዬ እየሳቀች እንቆያለን። ጓደኞቼ ዋርካውን "የእሱ ቢሮ" አሉት። ሲያልፉ ክላክስ ያደርጋሉ፣ "ቢሮ ገባህ?" ይሉኛል፣ እኔም እጄን አነሳና "ሥራ ላይ ነኝ፣ እለፉ" እላቸዋለሁ። አቻምናማ ዘሪሁንን ቸገረኝ ብዬ ጠርቼ፣ አስቁሜ፣ ሰዓቱን አበላሽቼበት ዋንጫው አመለጠው። ሳምንት ሙሉ ሲስቅ ሲሰድበኝ ነበር።

እና ያለፈው ጥቅምት መጣ። ከቱላ ስመለስ ግራ እጄ ከበደኝ። ቬስፓ ፍሪሲዮኑም ማርሹም በግራ እጅ ነው፣ ታውቂያለሽ አይደል? አታውቂም፣ ከየት ታውቂያለሽ። ማርሽ ልቀይር ስል እጄ እምቢ አለኝ። ሞተሩ ጠፋ። ቬስፓዋ በራሷ እየተንከባለለች ዋርካው ጋ አደረሰችኝና ልወርድ ስል ግራ እግሬም የለም። ቁጭ አልኩ፣ ወደቅሁ ልበልሽ እንጂ፣ ግን ላየኝ ሰው የተቀመጥኩ ነው የምመስለው። ጀርባዬ ግንዱ ላይ፣ ቬስፓዋ አጠገቤ ተደግፋ፣ ልክ እንደየዓመቱ።

የመጀመሪያው መጣ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣ ቃል አይወጣም። ጲጵ ጲጵ አደረገና "ቢሮ ገባህ?" አለኝ። ቀኝ እጄ ደህና ነው፣ አነሳሁት። እሱም አነሳልኝና ሄደ። ሁለተኛው መጣ፣ "ዘንድሮስ ዕድገት አልሰጡህም?" አለ። እጄን አወዛወዝኩ፤ አወዛወዘልኝና ሄደ። ልጄ፣ እየሞትኩ ነው ለማለት ሰው ምን ምልክት አለው? እኔ የነበረኝን ምልክት ሁሉ በቀልድ ጨርሼዋለሁ። ሌሎቹም እንዲያው እየሳቁ አለፉ።

መጨረሻ ላይ ዘሪሁን። ነጯ ትንሽ ታስላለች፣ ድምጿን ከሩቅ አውቃታለሁ። ተመስገን፣ ዘሪሁን ነው አልኩ በልቤ። ቀስ አለ። ርቀቱ ከዚህ እስከ በሩ ድረስ ቢሆን ነው፣ ዓይን ለዓይን ተያየን። ቀኝ እጄን ዘረጋሁለት፣ ና ማለቴ ነው። ምን ያለኝ ይመስልሻል?

"አውቄብሃለሁ። ዘንድሮ አታስቆመኝም።"

ሳቀና ማርሽ አስገብቶ ሄደ። የነጯ ጭስ ፊቴ ላይ ቀረ።

ማን ደረሰልኝ? ማርታ። ሸንኮራ አልጠየቅኋት፣ አልነዘነዝኳት፣ ዛሬ ምን ሆነው ነው ያኮረፉኝ ብላ ልትጠይቀኝ ተሻገረች። ስትጠጋ አፌ ወደ አንድ ጎን ሄዷል፣ ምራቄ ይወርዳል። ሸንኮራዋን እዚያው ትታ አስፋልቱ መሐል ቆመች፣ እየጮኸች ባጃጅ አስቆመች፣ ከባለ ባጃጁ ጋር ተሸክመው ጫኑኝ። እስከ ሆስፒታል ድረስ ጭንቅላቴ ጭኗ ላይ ነበር። ታለቅሳለች፣ እኔ ደግሞ አታልቅሺ ማለት አልችልም።

ሆስፒታል ከኪሴ መታወቂያዬን አገኙና ለባለቤቴ ለአስቴር ደወሉላት። አስቴር ደግሞ ለዘሪሁን ደወለች። አያነሳም። ለሌላው ደወለች፣ ለሁሉም ደወለች፣ የሚያነሳ የለም። ስልኩ የት ነው? ዘንቢል ውስጥ። እነሱ ሐይቁ ዳር አሳ አዘው ተቀምጠዋል፣ ዘንቢሉ ይጮሃል፣ እነሱ ይስቃሉ። ሚስቶቻችን ናቸው፣ ይደውሉ፣ ሕግ ሕግ ነው ይባባላሉ። የመጨረሻው ሰው ሳይመለስ አይነካማ። የመጨረሻው ሰው ደግሞ እኔ ነኝ። የኔን አሳ በሌላ ሳህን ከድነው አስቀምጠውልኛል፣ ዘሪሁን ነው የከደነው አሉኝ። ዋንጫውም የእሱ ነው፣ ከተናገረው ደቂቃ ፍንክች አላለም። ቆሞልኝ ቢሆን ኖሮ አያገኘውም ነበር።

ታዲያ አስቴር ቢጨንቃት በባጃጅ መጣች። አልጮኸችም አሉ። ዘንቢሉን አንስታ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችውና "እስቲ ማን እንደደወለላችሁ እዩ" አለች። ከዚያ የሆነውን ነግራቸው ተመልሳ ወደ እኔ መጣች።

ይኸው ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሐኪሙ ቶሎ መጥተው ቢሆን ኖሮ ብሎ ጀመረና ተወው፣ እኔም ጨርስልኝ አላልኩትም። ምላሴ ተመልሷል፣ እንደምታይው ከልክ በላይ ተመልሷል። እግሬም በከዘራ ይሄዳል። እጄ ግን፣ ይኸው፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬው እውላለሁ። አረንጓዴዋ ጓሮ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ሌሎቹ ሁሉ መጥተው ጠየቁኝ፣ አለቀሱ፣ ይቅር በለን አሉ። ዘሪሁን ብቻ ደጄን አልረገጠም። ዋንጫውን በሰው ላከልኝ። ምን ላድርገው? አስቴር ለዶሮዎቹ ውሃ ታቀርብበታለች።

ተናድጄበታለሁ፣ አልዋሽሽም። ያ ጭስ አሁንም ይሸተኛል። ግን በእሱ ቦታ እኔ ብሆንስ? እኔም አልፌው እሄድ ነበር፣ እየሳቅሁ፣ ከእሱ በላይ እየሳቅሁ። ይህን ልነግረው ነው የምፈልገው። ጓደኛ ስልሽ እሱ ነው፣ ሌላ አላፈራሁም፣ ከእንግዲህም አላፈራም። እሱ ግን እሁድ እሁድ እስከ ማዕዘኑ ድረስ ይመጣል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ ይቆማል፣ ከዚያ አስነስቶ ይመለሳል። አያየኝም ብሎ ነው። ነጯ ታስላለቻ፣ እዚህ ተቀምጬ እሰማታለሁ። ስትመጣ ልቤ ይነሳል፣ ስትሄድ እንደገና ያን ቀን ይሆንብኛል።

ቆይ። ሰማሽ? እሷ ናት፣ አጠፋት። ተነሺ፣ ደብተሩን ተይው፣ ሂጂና ጋሼ ቢሮውን ዘግተዋል፣ ቤት ናቸው፣ ግቡ ብለዋል በይው። ሩጪ፣ ሳያስነሳት።

አገኘሽው? ምን አለሽ? ሲያስነሳት እኮ አልሰማሁም፣ አለ ማለት ነው?

— ነገርኳቸው ጋሼ። አንገታቸውን ደፍተው ቬስፓዋን አዞሯትና፣ ሞተሩን ሳያስነሱ፣ በእጃቸው እየገፉ ሄዱ። እርስዎ እንዳይሰሙ ብለው መሰለኝ።

እየገፋ? በዚያ ጉልበቱ? ... ያን ቀንም እንዲህ በእግሩ እየገፋ መጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ልጄ፣ ይቆምልኝ ነበር።