እሳት ያላየ ወተት

ከደሴ ዙሪያ ወደ ከተማው ፒያሳ የሚሄደው ሚኒባስ ጥምዝ መንገድ ላይ ዘንበል ሲል፣ አያ ሸረፈዲን በጉልበታቸው መካከል የያዙት ጮጮ ክዳኑ ተከፈተና ጥቂት ወተት አጠገባቸው በተቀመጠችው ወጣት ቀሚስ ላይ ፈሰሰ።

“ያረቢ! አፉ በይኝ ልጄ!” አሉ ሽማግሌው፣ በጋቢያቸው ጫፍ ሊጠርጉላት እየተጣደፉ።

“ምንም አይደል አባባ፤ ይታጠባል። ለገበያ ነው?” ወጣቷ ኑኃሚን ትባላለች፤ የኮምቦልቻ ልጅ ስትሆን በአንድ የገጠር ቀበሌ የእንስሳት ጤና ኬላ ትሠራለች።

“ኧረ ለልጄ ለፊርደውስ ነው። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አምና አስወርዷት ብዙ አለቀሰች። ዘንድሮ እንዲጠናላት ብዬ ትኩሱን አደርስላታለሁ።”

“አፍልታ ነው የምትጠጣው?”

አያ ሸረፈዲን ደነገጡ። በእርሳቸው ቤት ወተት አይፈላም። ወተት እሳት ከነካው ላሚቱ ትነጥፋለች ሲሉ ያሳደጓቸው እናታቸው ናቸው። እርሳቸውም ይህን ቃል ሰባ ዓመት ጠብቀው፣ ፊርደውስን ሲድሩ አማቻቸውን አጥብቀው አስጠንቅቀውታል።

“የፈላ ወተት ምን ወተት ነው? በረካው ይሄዳል፤ ላሟም ትነጥፋለች” አሉ።

“ላሟስ ደህና ናት?”

“ደህና ናት። በሰባት ወሯ ጨነገፈችብን እንጂ። ዓይን ነው። እንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ በዚህ በእጄ ስቤ አወጣሁላት።”

ሌላ የተማረ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ “ኋላ ቀርነት ነው” ብሎ ይጀምርና ሽማግሌው ጆሯቸውን ይደፍኑ ነበር። ኑኃሚን ግን ጠየቀች እንጂ አልፈረደችም።

“እርስዎስ ትኩሳት፣ የወገብ ሕመም የለብዎትም?”

“ማን ነገረሽ? ይኸው ሦስት ወሬ። ላብ ያጠምቀኛል፤ ተወኝ ስል ይመለሳል። ወባ ነው ብዬ ኪኒን ዋጥሁ፤ አልለቀቀኝም።”

“አባባ፣ አይቆጡኝ። ላም የሚያስጨነግፍ፣ ብሩሴላ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ በዓይን አይታይም። የጨነገፈውን ጥጃና እንግዴ ልጁን በባዶ እጅ ሲነኩ ይጋባል፤ በጥሬ ወተትም ይተላለፋል። ሰውን እንደ ወባ ያተኩሰዋል። ነፍሰ ጡር ሲይዝ ደግሞ ጽንሱን…” ቃሉን ሳትጨርስ ተወችው።

አያ ሸረፈዲን ጮጮውን ከራሳቸው ገፋ አደረጉ። “አምናም እኔው ነበርሁ የማመጣላት። እኔ ነኛ የልጅ ልጄን ያጠፋሁት!”

“አብሽሩ አባባ! የአምናውን ምክንያት አሁን ማንም ሊያውቀው አይችልም። የዘንድሮው ግን በእጅዎ ነው። ዋናው ነገር ማፍላት ነው።”

“እናቴ ታዲያ ዋሹኝ?”

“አልዋሹም፤ ላም ነጠፈች ማለት ቤት ተራበ ማለት ስለነበር ፈርተው ነው። ለመሆኑ ከልጅዎ የተረፈውን ወተት ምን ያደርጉታል?”

“ፒያሳ ላለ ሻይ ቤት እሸጣለሁ። አምስት ዓመቴ።”

“እነሱስ ምን ያደርጉታል?”

አያ ሸረፈዲን ትዝ አላቸው። የገዛ ወተታቸው በሻይ ቤቱ ምድጃ ላይ ሲንተከተክ ስንት ጊዜ ቆመው አይተዋል! አምስት ዓመት ሙሉ ፈላ፤ ላሚቱ አልነጠፈችም።

“ሱብሃነላህ!” አሉና ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም። የሰባ ዓመት ፍርሃት በአንድ የሚኒባስ ጉዞ አይለቅም።

ፊርደውስ እንደወትሮዋ ኩባያ ይዛ ተቀበለቻቸው።

“ኩባያውን ተይው፤ ድስት አምጪ። ይፍላ።”

“አባ! ላሚቱ ትነጥፋለች ይሉ የለ?”

“ትንጠፍ!” አሉ አያ ሸረፈዲን፣ ጮጮውን እያቀበሏት። “ላም ትተካለች ልጄ፤ አንቺን በምን እተካለሁ?”

በማግስቱ አባትና ልጅ ጤና ጣቢያ ሄደው ተመረመሩ። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” እንዲሉ፣ ሽማግሌው ሳይደብቁ ተናግረው ብሩሴላው ተገኘባቸው። ሁለት ዓይነት መድኃኒት ለስድስት ሳምንት ሳያቋርጡ ወስደው ወገባቸው ቀና። ፊርደውስን አላህ አትርፏት ከበሽታው ነጻ ሆና ተገኘች። ላሚቱም በኑኃሚን ስትመረመር ታማ ስለተገኘች፣ “ቢስቲማ ገበያ ወስደህ ሽጣት፤ ማን ያውቃል?” ያላቸውን ጎረቤት “የእኔን እሳት በሰው ቤት አልለኩስም” ብለውት፣ ላሚቱን በባለሙያ ምክር አስወገዷት። አሁን በመንደሩ ላም ስትጨነግፍ ያለ ጓንት የሚነካ የለም፤ የጨነገፈውም ውሻ እንዳያገኘው በጥልቅ ይቀበራል፤ ለኑኃሚንም ይደወላል።

ፊርደውስ በወሯ ወንድ ልጅ ወለደች። አያቱ ዛሬም በምትኳ ከገዟት ላም ወተት ያመጣሉ። በሩ ሲከፈትላቸው ግን ከሰላምታ በፊት “ድስቱ ተጣደ?” ይላሉ።