በውሃ ቱቦ የተቀጠለ መሪ

ደባርቅ ከተማ ዳር፣ የደምመላሽ ጋራዥ፤ ከሰዓት በኋላ ነው፤ አንድ ላንድክሩዘር በክሪክ ተነስቶ ቆሟል፤ ደምመላሽ ከሥሩ ተጋድሞ አዲስ የመሪ ዘንግ ያስራል፤ የሟች ወንድሙ ሚስት እናኑ ዘንቢሏን እንደያዘች ከራሱ በላይ ቆማለች።

እናኑ፦ አውልቀው ነው የምልህ። አሮጌውን መልሰህ እሰርለት።

ደምመላሽ፦ አሮጌውን አልመልስም።

እናኑ፦ ለምን?

ደምመላሽ፦ አሮጌው ቆላ አይደርስም። የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ለሁለት ይሆናል።

እናኑ፦ እኔስ ምን አልኩ?

ደምመላሽ፦ ያልሽውን ሰምቻለሁ፣ እትዬ። ያን መዶሻ አቀብዪኝ።

እናኑ፦ አላቀብልም። ወንድምህን የበላ መኪና ሥር ተጋድመህ መዶሻ አቀብዪኝ ትለኛለህ?

ደምመላሽ፦ መኪና ሰው አይበላም።

እናኑ፦ ባለቤቱ ይበላል። ክንዴ ነው ሾፌሩ አድርጎ አበጀን የበላው፤ በዚሁ መኪና፣ በዚሁ መሪ ገደል ከቶ። ከገበያ ስመለስ በርህ ላይ ቆሞ አየሁት። ቀለም ተቀብቶ፣ እንደ ሙሽራ አምሮ።

ደምመላሽ፦ ከላዩ ነው ያማረው። ከሥሩ ብታዪው ሌላ ነው።

እናኑ፦ ከሥሩማ አንተ አለህለት፤ ምን ጎደለው? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል እሰማ ነበር። አንተ ግን ተወግተህ ጦሩን ትስልለታለህ።

ደምመላሽ፦ ምላስሽ ከዚህ መፍቻ በላይ ያጠብቃል።

እናኑ፦ ደሞ ወዳንተ ለማምጣት ምን ልብ ሰጠው?

ደምመላሽ፦ ታርቀናላ። «ከታረቅን ወዲያ መኪናዬን ሌላ ጋ ብወስድ ሰው ምን ይለኛል? ቂም ይዟል አይለኝም?» አለኝ። ደግሞ የመኪና መሪ ለዳገትና ለድንጋይ የሚያጠነክር በዚህ ከተማ ሌላ የለም።

እናኑ፦ በሬ ካራጁ ይውላል አሉ።

ደምመላሽ፦ በሬውስ መጣ። የቸገረው አራጁ ነው።

እናኑ፦ እሱንማ አያለሁ። ደምመላሽ የሚለውን ስም ግን ለሚገባው ሰው ብትሰጠው ምን ነበረበት?

ደምመላሽ፦ ስሙን ያወጣችልኝ አያቴ ናት። ባሏን የገደለ ሰው ነበር፣ ደሙን ይመልሳል ብላ። ደሙን የመለሰው ግን አባቴ ነው፤ እስር ቤት አርጅቶ እዚያው ሞተ። እኔና አበጀ ያለ አባት ያደግነው በዚህ ነው። አበጀ አልነገረሽም?

እናኑ፦ ነግሮኛል።

ደምመላሽ፦ እና ያ አባቴ የገደለው ሰው ዛሬ ምን ተብሎ ነው የሚጠራ መሰለሽ? «ምስኪኑ»። ወንድ አያቴን በጥይት ደብድቦ የገደለ ሰውዬ፣ ሲሞት ምስኪን ሆነ። የኛ ቤት የገዳይ ቤት ሆኖ ቀረ።

እናኑ፦ እኔ በጥይት ግደለው አላልኩህም። ዝም በል ነው ያልኩህ። ምንም አትሥራ። ዝም ማለት እንኳ አቃተህ?

ደምመላሽ፦ ነገ ብቻውን የሚሄድ መስሎሻል?

እናኑ፦ አውቃለሁ። ሽማግሌ ጭኖ ቆላ ይወርዳል፤ ለልጁ ሚስት ሊጠይቅ። ከተማው ሁሉ ያወራል።

ደምመላሽ፦ ቄስ ስሙር አሉበት። ጋሽ በላቸው አሉበት።

እናኑ፦ ይኑሩበት። እኔ «ባሌ በሞተበት ሳምንት ‹ሰውዬው መሪዬን በውሃ ቱቦ ቀጠለልኝ› ብሎ እየተራገመ ገብቷል» ብዬ ስነግራቸው ምስክር አምጪ ያሉኝ እነሱ አይደሉም? ምስክሩ አበጀ ነው፤ ከመቃብር ላምጣላቸው? ክንዴን ደግሞ ወንጌል አስያዙት። «መኪናዬ ላይ የተቀጠለ ነገር የለም፣ አበጀ ጠጥቶ ነው» ብሎ ማለ። ወንጌሉን ሳመና ወደ ቤቱ ሄደ።

ደምመላሽ፦ እዚያው ነበርኩ።

እናኑ፦ ለጥምቀት እንኳ ጠላ ስቀዳለት «ነገ መሪ እይዛለሁ» ብሎ የሚመልስልኝ ሰው። ሰካራም ተብሎ ተቀበረ። ለልጄ ለትዕግሥት የመጡት ሽማግሌዎች ከደጄ ተመለሱ፤ «የሰካራም ልጅ አናገባም» ብለው። ልጄ ያን ቀን የለበሰችውን ቀሚስ እስከዛሬ አልነካችውም። እሱ ደሞ ተነስቶ ለልጁ ሚስት ሊጠይቅ ይሄዳል፤ አንተ መሪውን ታጠነክርለታለህ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይሄ ነው።

ደምመላሽ፦ ጨረስሽ?

እናኑ፦ አልጨረስኩም። ግን ደከመኝ።

ደምመላሽ፦ እንግዲያው እዚያ ጎማ ላይ ተቀመጪ። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን አትጩኺ። ዛሬ ጠዋት እኔም አስቤዋለሁ።

እናኑ፦ ምኑን?

ደምመላሽ፦ ያንቺን። አዲሱን ዘንግ ጎማው ላይ የሚያስረውን ዳዶ አላላሁት። ብዙም አይደለም፤ መንገድ ላይ ድንጋይ ሲመታው ራሱ እንዲወልቅ ያህል። ከዚያ ተቀምጬ አየሁት። ደስ አለኝ፣ እትዬ። ከአበጀ ሞት ወዲህ እንደዛ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እናኑ፦ እና ምን ሆነህ አጠበቅከው?

ደምመላሽ፦ አሮጌውን ልጥለው ስል ከበደኝ። ከመጠኑ በላይ ከበደኝ። ቀለሙን ሞረድኩት። ያን ማዳበሪያ ግለጪው፣ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን።

እናኑ፦ ይሄ ምንድን ነው? ብረት ነው።

ደምመላሽ፦ መሀሉን እዪው።

እናኑ፦ ተጠቅልሎበታል። ብረት ላይ ሌላ ብረት።

ደምመላሽ፦ ቀዳዳውን ወደ ብርሃን አዙሪና ውስጡን እዪ።

እናኑ፦ ዝገት ነው። ከዝገቱ ውስጥ ቀጭን ነገር አለ… ደምመላሽ፣ ይሄ የውሃ ቱቦ ነው?

ደምመላሽ፦ የውሃ ቱቦ ነው። ለሁለት የተሰበረ የውሃ ቱቦ። ክንዴ መኪናውን ከገደል አስወጥቶ ሲያሠራ አዲስ ዘንግ መግዛት ጨነቀው። የተሰበረውን ገጣጠመና ላዩ ላይ ብረት አልብሶ አስበየደው፤ ቀለም ቀባው፤ መልሶ ነዳው። ንፉግ ሰው ማስረጃ አይጥልም። ይቀጥለዋል።

እናኑ፦ አበጀ እውነቱን ነበር።

ደምመላሽ፦ እውነቱን ነበር።

እናኑ፦ ስንቴ አልጋዬ ላይ ሆኜ «ምናልባት ቀምሶ ይሆን እንዴ» ብያለሁ። ባሌን እኔው ጠርጥሬዋለሁ። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። ለዚህ ሰውዬ ስል ባሌን ጠረጠርኩ።

ደምመላሽ፦ ለዚህ ነው አሮጌውን አልመልስም ያልኩሽ። ይሄ ብረት ከክንዴ ጋር ገደል ገብቶ እንዲቀር አልፈልግም።

እናኑ፦ እና ምን ልታደርገው?

ደምመላሽ፦ የጋራዥ ወግ ታውቂያለሽ። የወጣ ዕቃ በባለቤቱ እጅ ይሰጣል፤ ካልሰጠሽው ሳትቀይሪ ቀየርኩ አልሽ ይልሻል። ነገ ጠዋት ሽማግሌዎቹ የሚሳፈሩት ከዚህ ነው። ነጠላቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው እዚህ በር ላይ ይቆማሉ። እኔ ደግሞ ይሄን ዘንግ በሁለት እጄ ይዤ «ጋሽ ክንዴ፣ ዕቃህን ተረከብ» እለዋለሁ። ቄስ ስሙር ፊት።

እናኑ፦ የኔ አይደለም ይላል።

ደምመላሽ፦ የሱ ካልሆነ አዲሱን በምን ቦታ አሰርኩለት? መኪናው ያለ መሪ ነው ነድቶ የመጣው?

እናኑ፦ ይክዳል እልሃለሁ። ወንጌል ይዞ የዋሸ ሰው ዘንግ ይዞ መዋሸት ያቅተዋል?

ደምመላሽ፦ ይዋሽ። ጋሽ በላቸው ድሮ የመንገድ ሥራ ሾፌር ነበሩ። ውስጡን አንዴ ካዩት ይበቃል። ደግሞ አንቺም ትመጫለሽ። ትዕግሥትንም ይዘሻት ትመጫለሽ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

እናኑ፦ ጥሩ። ይዋረድ። ከተዋረደ በኋላ ግን ቁልቁለቱ ላይ ቢሰበርበት ምን አለበት? ሽማግሌዎቹ አይሳፈሩም ያኔ። ብቻውን ይሄዳል።

ደምመላሽ፦ እትዬ።

እናኑ፦ ምን እትዬ? ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ልትለኝ ነው? በለኝ። ጸሎት ከተውኩ ቆይቻለሁ።

ደምመላሽ፦ አይደለም። ነገ ቢሞት ከነገ ወዲያ የት ነሽ?

እናኑ፦ ቤቴ።

ደምመላሽ፦ አይደለሽም። ለቅሶው ቤት ነሽ። ዕድሩ አንድ ነው፤ ቅጣት አለው። ድንኳኑ ውስጥ ትቀመጫለሽ። ሚስቱ ፊቷን ስትነጭ ታያለሽ። ትናንት በዚህ በር ላይ ያዩት ሁሉ ይመጡና «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ…» ብለው ይጀምሩና እዚያው ላይ ያቆማሉ። አንዱ «ደግ ሰው ነበር» ይላል። ሌላው «ከሀዘኑ ነው፣ ከውርደቱ ነው መሪ የሳተው» ይላል። እኛን ያየናል። ቱቦውን ማንም አያነሳውም። ክንዴ ምስኪኑ ይሆናል።

እናኑ፦ አበጀን ሲወቅሱትስ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ የት ሄዶ ነበር?

ደምመላሽ፦ አበጀ ድሃ ነበር። የድሃ ሙት ይወቀሳል።

እናኑ፦ የኔ ድሃ። የኔ አበጀ።

ደምመላሽ፦ ታለቅሻለሽ እንዴ? እትዬ፣ አታልቅሺ። መዶሻውን እኔው አነሳዋለሁ።

እናኑ፦ አላለቅስም። እያሰብኩ ነው። ይሄ አዲሱ ዘንግ ስንት ጊዜ ይቆያል?

ደምመላሽ፦ ውስጡ ክፍት አይደለም፤ ወፍራም ብረት ነው። ጫፎቹም አዲስ ናቸው። ድንጋይ ላይ ቢጋልብበት እንኳ እሱ ያረጃል እንጂ ዘንጉ አይሰበርም።

እናኑ፦ ሌላውስ? ሁሉም ተጠናክሯል?

ደምመላሽ፦ አንድ ነገር ይቀራል። መሪው ከመኪናው አጥንት፣ ከሻንሲው ጋር የታሰረበት ቦታ ተሰንጥቋል። ብረት ደርቤ ልበይድለት ስል «እሱን ተወው፣ ዘንጉን ብቻ» አለኝ።

እናኑ፦ ራሱ ነው ተወው ያለው?

ደምመላሽ፦ በራሱ አፍ።

እናኑ፦ ከተሰነጠቀ ምን ይሆናል?

ደምመላሽ፦ ዛሬ ምንም። ነገም ምንም ላይሆን ይችላል። አንድ ቀን ቆላ ሲወርድ ይላቀቃል። መሪውን ያዞራል፣ ጎማው አይዞርም።

እናኑ፦ ያኔ እኛን የሚጠይቀን አይኖርም።

ደምመላሽ፦ የለም። ያላዘዘውን አልሠራሁም እላለሁ። እውነቴን ነው።

እናኑ፦ እና ትተወዋለህ?

ደምመላሽ፦ እውነቱን ልንገርሽ? አልወሰንኩም። እስካሁን ያልኩሽን ሁሉ ለራሴ ነበር የምናገረው። እኔም ሰው ነኝ። አንቺ ተይው ካልሽኝ መሣሪያዬን ሰብስቤ እጄን እታጠባለሁ።

እናኑ፦ ከነገ በኋላ ገበያ ሲወጣ ሰው ይጠቁመዋል?

ደምመላሽ፦ ይጠቁመዋል።

እናኑ፦ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ? ለልጁ ሽማግሌ ሲልክ «በሐሰት የማለ ሰው ልጅ» ይሉታል?

ደምመላሽ፦ ይሉታል። እስከ ዕለተ ሞቱ።

እናኑ፦ እንካ መዶሻህን። ስንጥቁንም ብረት ደርብበት፤ አንድ ሳይሆን ሁለት። ለክንዴ እግዜር ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ።