የሐይቁን ወረቀት የመለሱት ጋሽ ሀብተ ማርያም

መምህር ሀብተ ማርያም ሣህሌ ከአባታቸው ከአቶ ሣህሌ ዋለና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓባይነሽ ወልደ ጊዮርጊስ በ1946 ዓ.ም. ሺሺንዳ ተወለዱ። ዋጫ ዘመድ ቤት ተጠግተው ተማሩ፤ ቦንጋ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰው መምህርነት ገቡና ገጠር ለገጠር ሲያስተምሩ ኖረው፣ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በክረምት ኮርስ ዲግሪያቸውን ያዙ። ከወይዘሮ በዛወርቅ ጋር ተጋብተውም አብነትንና ትሕትናን ወለዱ።

ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ግን እዚሁ ቦንጋ በአንድ የማታ ኮሌጅ ጽሑፍ ሲያስተምሩ ነው። በ1998 ዓ.ም. ስለ አካባቢያችሁ ኑሮ ጻፉ ብለው ቢያዙ፣ ክፍሉ በሙሉ ከፎቶ ኮፒ ቤት አንድ ወረቀት አባዝቶ አስረከባቸው። ወረቀቱ ለካ ሐይቅ ዳር ያለ ከተማ ተማሪ የሠራው ኖሮ፣ ሐይቅ በሌለበት ጫካ መሀል ያደገው የማንኪራው ልጅ ሳይቀር በጀልባ እየተሻገርኩ አደግኩ ብሎ አረፈው። ጋሽ ሀብተ ማርያም አልተቆጡም፤ ገብተው፣ «ዘንድሮ አሣው እንዴት ነው?» ቢሉ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሙባረካ የምትባል ተማሪ ብቻ አለቀሰች፤ አባቷ አቶ ሱሩር፣ «ከወደቅሽ ትምህርቱ ይብቃ፣ ሱቅ ትገቢያለሽ» ብለዋት ነበርና።

የኮሌጁ ኃላፊ ሁሉም ይውደቁ አሉ። ጋሽ ሀብተ ማርያም፣ «ኤፍ መስጠትማ ማንን ያቅታል፤ እኔ የተቀጠርኩት ላስተምር ነው» ብለው ማርክ አላስገባም አሉ፤ ውልዎ ይቋረጣል ቢባሉም ፍንክች አላሉም። ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪውን አንድ በአንድ አስቀምጠው መጀመሪያ በቃል ያስወሩታል፣ አማርኛው የሚያስቸግረው በአገሬው ቋንቋ በካፍኛ ያወራል፣ ከዚያ «በል ያልከኝን ጻፈው» ይሉታል። ሲያርሙም ቀይ አያበዙም፤ ያልገባቸው ቦታ ላይ «እዚህ ጋ ጠፋሁ፣ ና መልሰኝ» ብለው ይጽፋሉ። ሙባረካም ጽፋ ቀድዳ፣ ቀድዳ ጽፋ፣ እናቷ ከሌላ አገር መጥተው ከደንበኛ ጋር ሲከራከሩ ካፍኛ እንዴት እንደለመዱ የሚያወራ ጽሑፍ አመጣች። ኃላፊው ራሳቸው እያነበቡ ሲስቁ ተሰሙ፤ ማርኩ ገባ፣ እሷም አለፈች፣ ዛሬ ዋጫ ታስተምራለች።

የጋሽ ሀብተ ማርያም ውል ግን በዓመቱ ሳይታደስ ቀረ። አንድ ቀን ሲያማርሩ ያየ የለም፤ ተማሪው በረንዳቸው ድረስ እየመጣ፣ እሳቸውም ሻይ እያስቀዱ፣ ጉበታቸውን ታመው እስኪተኙ ድረስ በነጻ አስተማሩ። ሲታከሙ ቆይተው ጥር 2007 ዓ.ም. በስድሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለቱን ልጆቻቸውንና በእሳቸው እጅ መጻፍ የለመደውን ይህን ሁሉ ሰው ትተው ሄደዋል። የሰውን የተንተባተበ ነገር እስከ መጨረሻው በትዕግሥት የሰሙትን እኚህን ሰው፣ እግዚአብሔርም በትዕግሥት ሰምቶ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። አሜን።